ለመንጋጋ ቆልፍ የጎረቤት ክትባት አይበቃም

ኩፍኝ ካምፕ ሲገባ ሁላችንም እንደነግጣለን፤ ካንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዛመታልና። መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ታዲያ ምኑ ያስፈራል እንዳትሉን! ከአፈርና ከእበት ስለሚመጣ፣ ጎረቤት በሙሉ ቢከተብ እንኳ ያልተከተበውን አያድነውም።

ክሎስትሪዲየም ቴታኒ የሚባለው ባክቴሪያ አየር አይወድም። ጠንካራ ሽፋን ለብሶ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። በጥልቅ ቁስል ወይም ባልጸዳ ምላጭ በተቆረጠ እትብት ሲገባ ይነቃና መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ጡንቻን ይገትራል። ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በ1889 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ባክቴሪያውን ለይቶ አሳደገው። የሚገርመው ክትባቱም የሚሠራው ከዚያው መርዝ ነው፤ በፎርማሊን ጉዳቱ ይጠፋና ሰውነት እንዲያውቀው ይሰጣል። በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እንኳ መከተብ አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስቡን አራሷና ጨቅላው ናቸው። እትብት ላይ እበት፣ አመድ፣ ቅቤ አይደረግም። ሁለት ቀን ደህና ሲጠባ የነበረ ሕፃን ከዚያ በኋላ መጥባት ካቃተው፣ ሰውነቱ ከደረቀና ሲነኩት ካንቀጠቀጠው፣ ሌላ መላ ሳትፈልጉ ወደ ክሊኒክ ሩጡ። ኢትዮጵያ በ2017 እ.ኤ.አ. የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ እንዳስወገደች ተረጋግጦላታል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ግን የትም አልሄደም።

ከዚህ በፊት ያልተከተበች ነፍሰ ጡር ቢያንስ ሁለት መርፌ ያስፈልጋታል፤ በ4 ሳምንት ልዩነት፣ ሁለተኛውን ከመውለዷ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብላ። መከላከያው ከእናቲቱ ወደ ሕፃኑም ያልፋል። «ካርዴ መንገድ ላይ ጠፋ» የምትሉ እህቶች፣ ለነርሷ ንገሯት፤ ማስረጃ ከሌለ እንደ አዲስ ይጀመርላችኋል።