ስለ ሕፃናት ጥርስና ስለ ጣፋጭ ነገር

ጥርስ ምግብን ለማላመጥ፥ ቃልን አጥርቶ ለመናገርና ለፊት ውበት የተሰጠን የሰውነት ክፍል ነው። ሕፃን ልጅ በተወለደ በስድስተኛው ወር ገደማ ጥርስ ማብቀል ይጀምራል፤ ዕድሜው ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ሲሆንም የወተት ጥርስ የሚባሉት 20 ጥርሶች ተሟልተው ይገኛሉ። ከስድስት ዓመት ገደማ ጀምሮ እነዚህ ጥርሶች በየተራ ይወልቃሉ፤ ልጁም የወለቀውን ጥርስ ወደ ጣራ ወርውሮ አዲሱን ይጠብቃል። ስለዚህ ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ሲበሰብስ «ምን ቸገረ፥ ሌላ ይተካል» ብለው ቸል ይላሉ። ይህ ቸልታ በልጆች ላይ የሚያመጣውን ጉዳትና መከላከያውን ለመምህራንና ለወላጆች መግለጽ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የልጆች መክሰስ ከጥንት ጀምሮ የገብስ ቆሎ፥ የባቄላ ንፍሮ፥ ዳቦና የመሳሰለው ነበር። ጣፋጭ የሚባለው ማር ሲሆን፥ እርሱም ለእንግዳ፥ ለበዓልና ለመድኃኒት የሚቀመጥ እንጂ ልጅ በየሰዓቱ የሚቀምሰው አልነበረም። በአገራችን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፥ መንገድና ንግድም እየተስፋፋ ሲሄድ፥ ስኳር ወደየቤቱ ገባ። ዛሬ በነፋስ መውጫም ሆነ በአርብ ገበያ፥ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፥ ከረሜላና ብስኩት የማይሸጥበት ሱቅ ማግኘት ያዳግታል። ልጅ የሚላክበት ሱቅ፥ ዘመድ ሲመጣ ኪሱ፥ ተማሪ ሲወጣና ሲገባ የትምህርት ቤቱ በር፥ ሁሉም የጣፋጭ ምንጭ ሆኗል።

በሕዝባችን ዘንድ ጥርስን የሚበላው ትል ነው የሚል እምነት አለ። እምነቱ በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በጥንታዊት ባቢሎንም ነበረ፥ በአውሮጳም ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል። ነገር ግን በጥርስ ውስጥ ትል የለም። ይህ እምነት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው፤ ምክንያቱም በድዳቸው ላይ የሚታየውን እብጠት ትል ነው በማለት፥ ገና ያልወጣውን ጥርስ በስለት ፈልቅቆ ማውጣት በአንዳንድ ቦታ የቆየ ልማድ ነው። ይህ ድርጊት ደም ያፈሳል፥ ቍስሉ ያመረቅዛል፥ ከሥር የሚጠባበቀውንም ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። ስለዚህ ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል።

እውነተኛው የመበስበስ ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በማንኛውም ሰው አፍ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቃን ተሐዋስያን ይኖራሉ። እነዚህም በጥርስ ላይ ተለጥፈው ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ሰው ስኳር ሲበላ እነርሱም ከዚያው ስኳር ይመገቡና አሲድ የሚባለውን ኮምጣጣ ነገር ያወጣሉ። አሲዱ ከጥርስ ሁሉ ውጪ ያለውንና ከአጥንት ይልቅ የጠነከረውን ነጭ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ይሁን እንጂ ሰውነት መከላከያ አለው፤ ምራቅ አሲዱን አጥቦ ያበርዳል፥ የተወሰደውንም ማዕድን ለጥርሱ ይመልሳል። ለዚህ ሥራ ግን ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም በጥቂቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር፥ ጥርስን ይበልጥ የሚጎዳው ልጁ በአንድ ጊዜ የበላው የስኳር ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀን ውስጥ ስኳር የቀመሰባቸው ጊዜያት ብዛት መሆኑን ነው። አምስት ከረሜላ ከምሳ ጋር በአንድነት የበላ ልጅ ጥርሱ አንድ ጊዜ ይጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ምራቁ ያድሰዋል። ያንኑ አምስት ከረሜላ ከጧት እስከ ማታ አንድ በአንድ የመጠጠ ልጅ ግን ጥርሱ አምስት ጊዜ ይጠቃል፤ ምራቁም ሥራውን ሳይጨርስ አዲስ አሲድ ይደርስበታል። ይህ ነገር በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1945 እስከ 1953 ድረስ በስዊድን አገር፥ በቪፔሆልም ሆስፒታል በተካሄደ ጥናት በግልጽ ታይቷል። ጥናቱ ራሳቸውን ችለው ፈቃድ ሊሰጡ በማይችሉ ሕሙማን ላይ በመደረጉ ዛሬ የሚነቀፍ ነው፤ ያስተማረው ነገር ግን አልተሻረም። ከምግብ ጋር የተበላ ስኳር ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን፥ በምግብ መካከል የሚበላና በጥርስ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ግን ጥርስን በብርቱ አበላሽቷል። እንደዚሁም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በኖርዌይና በጃፓን ስኳር በጠፋ ጊዜ የልጆች ጥርስ መበስበስ ቀንሶ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (በአውሮጳ አቆጣጠር) ባወጣው መመሪያ፥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፥ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም ጭምር፥ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኀይል ከመቶ 10 እጅ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 1200 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሕፃን ይህ ከ30 ግራም አይበልጥም። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን ወደዚህ የሚጠጋ ስኳር ሊይዝ ይችላል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። የበሰበሰ የወተት ጥርስ ልጁን እንቅልፍ ይነሣዋል፥ ከምግብ ያግደዋል፥ ትምህርቱን ያስተጓጕልበታል። ያለ ጊዜው ሲነቀልም ጎረቤቶቹ ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ተተኪውም መውጫ አጥቶ ጠምሞ ይበቅላል። ከዚህም የሚብስ ሌላ ነገር አለ። ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፥ አንድም የወተት ጥርስ ሳይወልቅ፥ ከኋላ በኩል አራት አዳዲስ መንጋጋዎች በጸጥታ ይበቅላሉ። ወላጅ ስለማያውቃቸው ከወተት ጥርስ ይቈጥራቸዋል። እነርሱ ግን ቋሚ ናቸው፤ ቢጠፉ ተተኪ የላቸውም። ዕድሜው አንደኛ ክፍል የሚገባበት ስለ ሆነ፥ ከወላጅ ቀጥሎ ለእነዚህ ጥርሶች ጠባቂ ሊሆን የሚችለው መምህሩ ነው።

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ብዙ ሕመም ይቀራል።

አንደኛ፥ ለልጅ ጣፋጭ የሚሰጥ ከሆነ ከምግብ ጋር እንጂ በምግብ መካከል አይሁን። በመካከል ለሚራብ ልጅ ዳቦ፥ ንፍሮ፥ የተቀቀለ ድንች ወይም ስኳር ያልገባበት ወተት ይበቃዋል። ቆሎ ለትልልቆቹ መልካም ነው፤ ለታናናሾቹ ግን ትን እንዳይላቸው ያሠጋል።

ሁለተኛ፥ ሕፃን ጣፋጭ ነገር ያለበት ጡጦ በአፉ ይዞ አይተኛ። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ ያለ ጠባቂ ያድራል።

ሦስተኛ፥ ጥርስ ጧትና ማታ፥ ይልቁንም ከመኝታ በፊት ይጽዳ። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የጥርስን ሽፋን ያጠነክራል፤ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል፥ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። የጥርስ ብሩሽ ካልተገኘ ከወይራ የተቈረጠ ንጹሕ መፋቂያ ከምንም ይሻላል፤ ኋላ የሚገኙትን መንጋጋዎች ግን ሳይነካ እንዳይቀር አዋቂ ይርዳው።

አራተኛ፥ መምህራን ጎበዝ ተማሪን ሲሸልሙ ስለ ከረሜላ ፈንታ እርሳስ ወይም ደብተር ይስጡ። በትምህርት ቤት በር ስለሚሸጠው ነገርም ከወላጆች ጋር ይምከሩ።

አምስተኛ፥ በጥርስ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ የታየበት ልጅ ሳያመው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሽፋኑ ገና ሳይበሳ የተደረሰበት ጥርስ ሊድን ይችላል፤ ከተበሳ በኋላ ግን በራሱ አይደፈንም።

ከረሜላ ለልጅ የሚሰጠው በፍቅር መሆኑን እናውቃለን። ፍቅሩ አይቀነስ፤ ጣፋጩ ግን ሰዓት ይኑረው። የስድስት ዓመቱ ልጅ ዛሬ ያበቀለው መንጋጋ እስከ ሽምግልናው ድረስ እንጀራውን የሚያላምጥበት ነውና።