አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ የስንት ሳምንት ልፋት ይበላል?

ስልካችሁ ላይ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ መጣ እንበል። አንድ እጅ በወረንጦ ከጥፍር ያነሰ የናስ ወንፊት ያነሳል፣ ትንሽዬ ታንክ ጀርባ ላይ ያሳርፋል፣ አለቀ። ላይክ አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። ከዚያ በፊት የሄደውን ሙሉ ምሽት ግን ቪዲዮው አያሳያችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታንክ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት ልክ 1/35 ነው፤ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ልኩን ያስለመደው የጃፓኑ ታሚያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1961 የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በፕላስቲክ ሲያወጣ፣ ሞተርና ባትሪ ሆዱ ውስጥ እንዲገቡለት ብሎ የመረጠው መጠን ነበር። ባትሪ የወሰነው ቁጥር እስከ ዛሬ ዘለቀ።

እውነተኛው ፓንተር ጀርባው ላይ ሞተሩ አየር የሚስብባቸው ክፍት ቦታዎች አሉት። ቅጠልና ጠጠር እንዳይገባ በሽቦ ወንፊት ይሸፈናሉ። የፓንተር ብቻ አይደለም፤ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ መንገድ ዳር ወድቀው የቀሩት የሶቪየት ቲ-55 ታንኮችም ሲሠሩ ከኋላ እንዲህ ያለ ወንፊት ነበራቸው። እነዚያን ብረቶች ያየ ሰው ታንክ መጫወቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ወንፊቱም ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ሞተሩ ከታፈነ ውስጥ ያሉት ሰዎች መንገድ ላይ ይቀራሉ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የሽቦው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ለ35 ሲካፈል 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይሄ የፀጉር ያህል ነው። ፋብሪካ የሚያፈሰው ፕላስቲክ እንዲህ አይቀጥንም። ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ወይ ባዶ ቀዳዳ ነው፣ ወይ መስመር የተሰመረበት ድፍን ፕላስቲክ። ወንፊቱ ለብቻው ከስስ ናስ ይሠራል፤ ንድፉ በብርሃን ይታተምበትና የማይፈለገውን ክፍል ኬሚካል በልቶ ያወጣዋል።

ችግሩ ማጣበቁ ላይ ነው። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፤ ናስን ግን ምንም አያደርገውም። በቃ፣ ሱፐር ግሉ ይመጣል፤ ጣጣውም አብሮት። ቀጭኑ ሱፐር ግሉ እንደ ውኃ ይሮጣል። የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚምግ ወንፊቱም ሙጫውን ይምገዋል፣ ቀዳዳዎቹም በአንዴ ይደፈናሉ። አሴቶን ይፈታዋል፤ ግን ፕላስቲኩንም አብሮ ይበላል። የሳምንታት ሥራ እዚያው ላይ ያበቃል።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ታዲያ እንዴት ያደርጋሉ? መጀመሪያ ከወንፊቱ ሥር የሚቀረውን ቦታ ጥቁር ይቀቡታል፤ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትማ። ናሱን መስታወት ወይም ሸክላ ላይ አድርገው በስለት ይቆርጣሉ፤ ለስላሳ ነገር ላይ ከተቆረጠ ይጣመማል። የጣት ቅባት እንዳይቀር በአልኮል ያጸዱታል። ያለ ሙጫ አስቀምጠው ልኩን ያያሉ። ከዚያ ሱፐር ግሉን ከጠርሙሱ በቀጥታ አያፈሱም፤ ጠብታዋን ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ያሳርፉና በመርፌ ጫፍ እየነኩ የወንፊቱን አራት ማዕዘን ብቻ ይይዛሉ።

ሌላም መንገድ አለ። ወንፊቱ ሜዳ ቦታ ላይ የሚተኛ ከሆነ፣ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቫርኒሽ ጠርዙን በስሱ መቀባት ይበቃል። ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ወንፊቱን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ከፈሰሰም ሳይደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ይነሳል። ከሱፐር ግሉ ይደክማል፣ እውነት ነው። ግን ወንፊት ምን ተሸክሞ ነው ያን ሁሉ ጉልበት የሚፈልገው?

ቀለሙም እንደዚሁ ነው፤ አንዴ ወፍራም ከመቀባት ይልቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ። አለበለዚያ ከሙጫ የተረፈውን ቀዳዳ ቀለም ይደፍነዋል።

ለመሞከር ውድ ሞዴል አያስፈልጋችሁም። ካረጀ የሻይ ማጥለያ ሁለት ቁራጭ ወንፊትና ሁለት ቁራጭ ፕላስቲክ በቂ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ። አንዱን በሙሉ ጠብታ፣ ሌላውን በመርፌ ጫፍ አጣብቁ። ሲደርቅ ሁለቱንም ወደ ብርሃን አንሱና በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ እዩ። የየትኛው ወንፊት ቀዳዳዎች ክፍት ቀሩ?