«ጡረታ»፣ «ጉዳተኛ» እና «ችግር»፦ በከተማ ማኅበራዊ አገልግሎት የጥያቄ ቅጽ ላይ ስለሚጻፉ ቃላት

በወረዳ ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ባለሙያ ዘወትር የሚገለገልበት መሣሪያ የጥያቄ ቅጽ ነው። አንድ አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ ድጋፍ የሚገባው መሆን አለመሆኑ የሚለየው በዚህ ቅጽ ላይ በሚሞላው መልስ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ዐሥር ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲ ኔት መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጥ የታቀደ ስለ ነበር፣ ከሁሉ አስቀድሞ «መሥራት የማይችል ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ሆኗል። እንዲህ ያለው ቅጽ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው የመረጠው አንድ ቃል አንዲትን ባልቴት ከመዝገብ ሊያስገባት ወይም ሊያስቀራት ይችላል። በዚህ መስክ ብዙ ስሞች ወደ መሥሪያ ቤት ሲገቡ ግሦቻቸው ከሕዝቡ አፍ አልወጡም። እንግዲህ ለመዝገቡ ስም፣ ለጥያቄው ግን ግሥ መምረጥ የሚሻል ይመስለናል።

«ጡረታ» የሚለውን እንመልከት። መሠረቱ «ጦረ» የሚለው ግሥ ሲሆን፣ ትርጉሙም ልጅ ወይም ዘመድ አቅም ያነሰውን ወላጅ መገበ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ነው። «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» የሚለው አነጋገር ለዚህ ምስክር ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ከተደነገገ ወዲህ ግን ስሙ ከቤተ ሰብ ወጥቶ የመሥሪያ ቤት ቃል ሆነ። ከዚያም በላይ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን ተሸክሟል፤ «ጡረታ ወጣ» ሲባል በዕድሜ ምክንያት ከሥራ መሰናበትን፣ «ጡረታ ተቀበለ» ሲባል በየወሩ የሚከፈለውን አበል ያመለክታል። ግሡ ከነበረበት አልተነቃነቀም። «ልጇ ይጦራታል» ሲባል አበል የሚታሰበው ሰው የለም።

ቅጹ «ጡረታ፦ አለ/የለም» የሚል ከሆነ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ ስትሸጥ የኖረች ሴት «የለም» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሆኖም የሚጦራት ሰው መኖር አለመኖሩን ማንም አልጠየቃትም። «ልጅ አለዎት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይህን አይተካም፤ ልጅ ያለው ሁሉ የሚጦረው ልጅ አለው ማለት አይደለምና። ስለዚህ «የጡረታ አበል ይቀበላሉ?» እና «የሚጦርዎት ሰው አለ?» ተብለው ሁለት ጥያቄዎች ተለይተው ቢጻፉ መልካም ነው።

ስለ ዕድሜ ስሞች ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ሽማግሌ» ዕድሜን ከአስታራቂነት ማዕረግ ጋር አጣምሮ ይይዛል፤ ሴትንም አይጨምርም። «አሮጌ» የዕቃ ቅጽል ነው፤ «አሮጊት» ፊት ለፊት አይነገርም። «አዛውንት» ክብር ቢኖረውም የዕድሜ ወሰን የለውም። ከግእዝ የመጣው «አረጋዊ»፣ ሴቷም ስትሆን «አረጋዊት»፣ ስድሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ሰው በሰነድ ላይ ጸንቷል፤ ሊጸናም ይገባዋል። በመስኮቱ በኩል ሠራተኛው «እማማ» ወይም «አባባ» ብሎ ቢጣራ ደግሞ ማንም ሊከለክለው አይገባም።

የአካል ጉዳት ስሞች ታሪክ ከዚህ ይልቅ ሰፋ ያለ ነው። «አካለ ስንኩል» የሚለው የቀድሞ አጠራር «ሰነከለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ «መሰናክል»ም የዚሁ ግሥ ልጅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ያጸደቀውና ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ሰውን ከተሳትፎ የሚያግደው ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን ጉዳቱ በዙሪያው ካሉት መሰናክሎች ጋር ሲገናኝ ነው ይላል። ስለዚህ ቀድሞ በሰውየው አካል ላይ ተለጥፎ የነበረው ሥር ዛሬ በደረጃው፣ በጠባቡ በርና በከፍታው መስኮት ላይ ዐረፈ። አማርኛ እንዲህ ያለ መገጣጠም ሲሰጥ ተርጓሚው ሊጠቀምበት ይገባል። «ተደራሽነት» ግን ይህን ያህል አልሠመረም። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «የጤና አገልግሎት ተደራሽነት» ማለት አገልግሎቱ ስንት ቦታ ተዳረሰ ማለት ስለ ሆነ፣ «የሕንፃው ተደራሽነት» የተባለው ሠራተኛ ስለ ራምፕ ላያስብ ይችላል። «ለመግባትና ለመዘዋወር የሚያመች» ቢባል ረዘም ይላል እንጂ አያሳስትም።

«አካል ጉዳተኛ» በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም፣ የሥራ ስምሪት መብታቸውን በደነገገው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም ውስጥ ስለ ገባ አሁን ይለወጥ ማለት አይጠቅምም። ጉድለቱን ማወቅ ግን ያሻል። ጋዜጣ «ጉዳተኞቹ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ» ሲል በአደጋ የቆሰሉትን ማለቱ ነው። «አካል» የሚለውም እጅና እግርን ስለሚያሳስብ «የአእምሮ ጉዳተኛ» የሚል ተጨማሪ አስፈልጓል። ከዝርዝሮቹ መካከል «ደንቆሮ» የተጣለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መስማት አለመቻልን ከ«ድንቁርና» ጋር አንድ ያደርጋል። የተተካው «መስማት የተሳነው» ጨዋ ቢሆንም ሐረግ እንጂ ስም አይደለም። «ዓይነ ስውር» «ዓይነ ስውርነት»ንም «ዓይነ ስውራን»ንም ሲያስገኝ፣ ሐረጉ በጾታ «የተሳናት»፣ በብዛት «የተሳናቸው» እያለ ይለዋወጣል። «የተሳናቸው» ደግሞ ለአንድ ሰው አክብሮትም ስለሚያገለግል በሰንጠረዥ ራስጌ ላይ ሲጻፍ አንድነትን ከብዛት አይለይም።

ትልቁ ጉድለት ግን በዕድሜ ምክንያት የማየት ወይም የመስማት ኃይሉ የቀነሰ ሰው በዚህ ስም ራሱን አለመጥራቱ ነው። «አካል ጉዳተኛ ነዎት?» ቢባል «ኧረ አይደለሁም፤ ዓይኔ ፈዘዘ እንጂ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል። ሁለቱም ሳይመዘገቡ ይሄዳሉ።

ይህን ለማስቀረት በ2001 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ያዘጋጀው አጭር መጠይቅ የጉዳተኝነትን ስም ጨርሶ አያነሣም። ስለ ስድስት ተግባራት ብቻ ይጠይቃል፤ እነርሱም ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት፣ ማስታወስ ወይም ሐሳብን መሰብሰብ፣ ራስን መርዳትና መግባባት ናቸው። መልሱም ከ«ምንም» እስከ «ጨርሶ» አራት ደረጃ አለው። ተርጓሚው ወዲያው የሚያነሣው ስም «ችግር» ነው፤ «የማየት ችግር አለብዎት?» ይላል። በአማርኛ ግን «ችግር» ማጣትም፣ ረኀብም ነው፤ «ችግረኛ»ም ድኻ ማለት ነው። ድጋፍ ፍለጋ የመጣ ሽማግሌ «ችግር» የሚለውን ሲሰማ «ችግርማ ሞልቷል» ብሎ ስለ ቤት ኪራዩ መናገር ይጀምራል። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። «መነጽር አድርገውም ቢሆን ማየት ያስቸግርዎታል?» ቢባል ግን መልሱ «በመጠኑ ያስቸግረኛል»፣ «እጅግ ያስቸግረኛል» እያለ በቀላሉ ይደረደራል። «አስቸገረ» ባለቤቱ ሰው ሲሆን («ልጁ አስቸገረኝ» እንደሚባለው) መጨቅጨቅን ያመለክታል፤ እዚህ ባለቤቱ «ማየት» የሚለው ንዑስ አንቀጽ ስለ ሆነ አያሻማም። የመጨረሻውን ደረጃ ግን በየጥያቄው ግሥ «ጨርሶ አላይም»፣ «ጨርሶ አልሰማም» ማለት ይሻላል።

አምስተኛው ጥያቄ «ራስን መንከባከብ» ተብሎ ሲተረጎም ደግሞ ማጌጥና ጤናን መጠበቅ ይመስላል። «ገላዎን መታጠብ ወይም ልብስዎን መልበስ ያስቸግርዎታል?» ማለት ይበቃል። በዚሁ መንገድ «ተንከባካቢ» ለመዝገብ ይቆይ። «ጧሪ» የሚመግበው፣ «አስታማሚ» በሕመም ጊዜ አብሮ የሚሰነብተው ስለ ሆነ ሁለቱም አይተኩትም። በቤት ውስጥ ግን ቃሉን የሚናገረው ሰው እምብዛም ስለማይገኝ፣ «ሲታጠቡና ሲለብሱ የሚያግዝዎት ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ የልጅ ልጅም፣ ጎረቤትም፣ ተቀጣሪም ቢሆን በስሙ ይጠራል።