ክኒኑን ከመጣላችን በፊት፦ የሳይኮሲስ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳትና ከእርሱ ማገገም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ በየዶርሙ አለ፤ የሚወራው ግን በሹክሹክታ ነው። በመካከላችን ለስኪዞፍሬንያ፣ ለባይፖላር ወይም ለሌላ የሳይኮሲስ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ተማሪዎች አሉ። እነዚህ ሕመሞች ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚሉት በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው። ይህ ደግሞ ከቤተሰብ ተለይተን ግቢ የምንገባበት ዕድሜ ነው። መድኃኒቱ የሌለ ድምፅ መስማትን፣ ሰው ሁሉ ያሳድደኛል የሚል ፍርሃትን ያበርዳል። ሆኖም ብዙዎች ከጥቂት ወራት በኋላ ያቆሙታል። አንዱ ምክንያት "ተሽሎኛል" የሚል ስሜት ነው። ሌላው ትልቅ ምክንያት መድኃኒቱ ራሱ ሰውነትን ማስቸገሩ ነው፤ እንቅልፍ ይጥላል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ክብደት ይጨምራል፣ አንዳንዱን ጭራሽ መቀመጥ ያሳጣዋል።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ምህንድስና የምንማር ተማሪዎች ነን። ይህ ጽሑፍ የሐኪምን ምክር አይተካም። ለማለት የፈለግነው አንድ ነገር ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ እውነት ነው፤ ስምና ምክንያት አለው፤ አብዛኛውም መፍትሔ አለው። ወደ መፍትሔው የሚያደርሰው መንገድ ግን ክኒኑን በድብቅ ከመጣል አይጀምርም። የሚጀምረው ለሐኪሙ በግልጽ ከመናገር ነው።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያ መድኃኒት የሆነው ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ጀመረ። ሃሎፔሪዶል በ1958 በቤልጅየም ተገኘ። በኋላ ሪስፐሪዶን፣ ኦላንዛፒንና ሌሎችም መጡ። ሥራቸው በአብዛኛው ዶፓሚን ከሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ጋር የተያያዘ ነው።

ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ በተለያዩ መስመሮች ይሠራል። በአንደኛው መስመር ላይ ሲበዛ ሳይኮሲስን ያባብሳል። በሌላው የእጅና የእግር እንቅስቃሴን ያስተካክላል። በሦስተኛው ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ልክ ያስይዛል። መድኃኒቱ የዶፓሚን ተቀባዮችን ይዘጋል፤ ነገር ግን ክኒን አድራሻ አያነብም። በደም ተጉዞ የደረሰበትን ሁሉ ይዘጋል። ሕመሙን የሚያስታግሰውም እጅን የሚያንቀጠቅጠውም ያው አንድ ሥራው ነው።

በአንጎል ምስል የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከተቀባዮቹ በግምት 65 በመቶው ሲያዝ ሕመሙ መቀነስ ይጀምራል። ወደ 80 በመቶ ሲጠጋ ደግሞ የእንቅስቃሴ ችግር ይበዛል። በመካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚፈልገው ያንን ቦታ ነው። ታካሚው የሚሰማውን ካልነገረው ግን በጨለማ እንደሚፈልግ ሰው ይሆናል።

ጂን ነው የተባለው አንገት

ከሁሉ አስቀድመን ይህንን የምናነሳው ሰው በከንቱ እንዳይሰቃይ ነው። አንዳንድ ሰው፣ በተለይ ወጣት ወንድ፣ እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት በጀመረ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይገለበጣል፣ መንጋጋው ይቆለፋል ወይም ምላሱ ይወጣል። ለሚያየው ሰው ያስደነግጣል። ዶርም ውስጥ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚባለው "ጂን ያዘው" ነው፤ ከዚያ ሰው ይሰበሰባል፣ ቁርኣን ይቀራበታል፣ አንዳንዴም ይታሰራል።

ይህ ሁኔታ ዲስቶኒያ ይባላል። ከመድኃኒቱ የመጣ የጡንቻ መኮማተር ነው። በጤና ተቋም ተገቢው መርፌ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። በዚያ ሰዓት ታማሚው ነፍሱን አልሳተም፤ የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ያመዋልም። ጉሮሮውን ከያዘው ለመተንፈስ ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ ሩቅያ የሚቀራለት ሰው ወደ ክሊኒክ በሚወስደው መኪና ውስጥም ሊቀራለት ይችላል። መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም ማዘዛቸው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ዘገባ የታወቀ ነው።

ሌሎቹ ጉዳቶችና የማገገሚያ ጊዜያቸው

መቁነጥነጥ (አካቲዥያ)። ከውስጥ የሚገፋ፣ እግርን የማያስቀምጥ እረፍት ማጣት ነው። ሌክቸር መጨረስ፣ የጁምዓን ኹጥባ ተቀምጦ መስማት ያቅታል። ሰው "ሕመሙ ተነሳበት" ይላል፤ እንዲያ ተብሎ መድኃኒቱ ከተጨመረ ይብስበታል። ሐኪም መጠኑን በመቀነስ፣ መድኃኒቱን በመቀየር ወይም እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ አጋዥ መድኃኒት በመጨመር ያስታግሰዋል። ስሜቱ በጣም ሲከፋ ሰውን ራሱን ወደ መጉዳት ሊገፋ ስለሚችል ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠበቅም።

መንቀጥቀጥና መገተር። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ፊት ስሜት አልባ ይመስላል። መጠኑ ሲቀንስ ወይም መድኃኒቱ ሲቀየር በአብዛኛው በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ይለቃል። ለዚህ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፌኒዲል ለተወሰነ ጊዜ ይጠቅማል። ከጓደኛ ተበድረው የሚውጡት ክኒን ግን አይደለም፤ በብዛት ሲወሰድ ራሱ አእምሮን ያዛባል።

እንቅልፍና ድካም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበረታል፣ ከዚያ ለብዙዎች እየቀለለ ይሄዳል። ካልቀለለ ሐኪሙ የመውሰጃ ሰዓቱን ወደ ማታ ሊያዞረው ይችላል።

ክብደት። በተለይ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን የምግብ ፍላጎትን ይከፍታሉ። ጭማሪው ፈጣን የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መመዘን፣ የደም ስኳርንም ማስለካት ይገባል። ለስላሳ መጠጥ መተውና በየቀኑ በእግር መሄድ ይረዳል። ሐኪም ሜትፎርሚን የሚያዝበት ጊዜም አለ።

የሆርሞን ለውጥ። ፕሮላክቲን ሲጨምር በእህቶች ላይ የወር አበባ ይቀራል ወይም ከጡት ወተት ይወጣል፤ በወንዶች ላይ የፍትወት ስሜት ይቀንሳል። ሐያእ ብዙዎችን ዝም ያሰኛል። ሐኪሙ ግን ይህንን በየቀኑ ይሰማል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ መድኃኒቱ ሲቀየርም ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። እህቶች ሴት ሐኪም መጠየቅ ይችላሉ።

ዘግይቶ የሚመጣ እንቅስቃሴ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጣት ያለ ፈቃድ ይንቀሳቀሳል። ይህ በቀላሉ ላይለቅ ይችላል። ቀድሞ ከታየ የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ስለሆነ በየክትትሉ "ፊቴንና ጣቶቼን እዩልኝ" ማለት ተገቢ ነው።

አንድ ምልክት ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነትና መደናገር አብረው ከመጡ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

በአንድ ጊዜ ማቆም ለምን ያስፈራል?

የምህንድስና ተማሪ በቀላሉ የሚረዳው ሒሳብ አለ። በመድኃኒቱ መጠንና በተያዙት ተቀባዮች መካከል ያለው ግንኙነት ቀጥታ መስመር አይደለም። በመጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ይተኛል። ሃሎፔሪዶል በቀን 2 ሚሊ ግራም ብቻ ሲወሰድ ከተቀባዮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከ10 ወደ 8 መውረድ ትንሽ ለውጥ ነው፤ ከ2 ወደ ዜሮ መውረድ ግን ገደል ነው። በወረቀት ላይ ግን ሁለቱም እኩል 2 ሚሊ ግራም ናቸው። ሐኪሞች ሲቀንሱ ወደ መጨረሻው እርምጃቸውን የሚያሳጥሩት ለዚህ ነው።

በድንገት ሲቆም እንቅልፍ ማጣት፣ ማቅለሽለሽና እረፍት ማጣት ሊመጣ ይችላል። ትልቁ ፍርሃት ግን ማገርሸት ነው። በ1999 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የታመሙ 104 ሰዎችን ተከታትሎ፣ መድኃኒት ማቆም የማገርሸትን ዕድል ወደ 5 እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። በ2023 በእንግሊዝ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 253 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አንደኛው ወገን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እንዲቀንስ አደረገ። በ2 ዓመት ውስጥ ከሚቀንሱት 25 በመቶው፣ በመድኃኒቱ ከቀጠሉት 13 በመቶው በከባድ ሁኔታ አገረሸባቸው። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። በክትትል ቀንሰው በሰላም የሚዘልቁ ብዙዎች አሉ፤ በክትትልም ቢሆን ግን አደጋው ይጨምራል። ብቻውን፣ በፋይናል ሳምንት፣ ማንም ሳያውቅ የሚያቆመው ተማሪ ደግሞ ምልክቱ ሲመለስ የሚያይለት ሰው የለውም።

ለሐኪሙ ምን ይዘን እንሂድ?

ላብራቶሪ ሪፖርት እንደምንጽፈው በደብተር ላይ አራት ነገር መመዝገብ ይበቃል፦ የወሰድነው መድኃኒትና መጠን፣ የወሰድንበት ሰዓት፣ የተሰማን ነገር፣ እንዲሁም ከ10 ስንት እንደሚከብድ። የሁለት ሳምንት መዝገብ ለሐኪም ከአንድ ሰዓት ወሬ ይበልጣል። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይቅረብ፦ መጠኑ ሊቀንስ ይችላል? ሌላ መድኃኒት አለ? ለዚህ ጉዳት አጋዥ ሕክምና አለ? የሚወስዱት የወር መርፌ ከሆነ መርፌው ከቆመ በኋላም መድኃኒቱ ለሳምንታት ከሰውነት እንደማይወጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማገገሙም ያንኑ ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጫት፣ ሲጋራና ረመዳን

ድብታውን ለማባረር ጫት የሚይዙ አሉ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን ያነሳሳል፤ መድኃኒቱ የሚዘጋውን በር ጫቱ ይገፋዋል። ውጤቱ እንቅልፍ ማጣትና የሕመሙ መነሳት ሊሆን ይችላል።

ሲጋራ ደግሞ ጉበት ኦላንዛፒንንና ክሎዛፒንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። አጫሽ የነበረ ወንድም በረመዳን ሲተው፣ አልሐምዱሊላህ መልካም አድርጓል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊጨምርና ሊያደክመው ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

በአገራችን የረመዳን ጾም በቀን ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሑር መካከል ሲጨመቅ ሌሊቱን ሊከብድ ይችላል። ብዙዎቹ መድኃኒቶች በቀን አንዴ ወደሚወሰዱበት መልክ ስለሚስተካከሉ ከረመዳን ጥቂት ሳምንታት በፊት ሐኪም ማማከር ይሻላል። አብሮ ሊቲየም የሚወስድ ሰው የውኃ ጥም መድኃኒቱን በደም ውስጥ ወደ መርዝነት ሊያደርሰው ስለሚችል የበለጠ ይጠንቀቅ። ሐኪም አትጹም ካለ፣ አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው ፈቃድ የሰጠው በሱረቱል በቀራ ውስጥ ነው። ስለ ቀዷእና ፊድያ ኡስታዛችንን እንጠይቅ።

ከሱጁድ ወይም ከአልጋ ስንነሳ የሚያዞር ከሆነ የደም ግፊት ስለሚወርድ ነው። ቀስ ብሎ መነሳት፣ ከአልጋ ሲነሱ ትንሽ ቁጭ ማለት ይረዳል፤ ካልተሻለ ይነገር። በመድኃኒቱ ድብታ ፈጅር የሚያመልጠውን ወንድም ደግሞ ሰነፍ ከማለት ይልቅ ቀስ ብለን እንቀስቅሰው።

ከእኛ የሚጠበቀው

የዶርም ጓደኛ ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም። ክኒኑን አይቶ አለመሳቅ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ በቀጠሮ ቀን አብሮ መሄድ፣ የቀረውን ኖት መስጠት ይበቃል። "ኢማንህ ቢጠነክር መድኃኒት አያስፈልግህም" የሚለው ንግግር የስኳር በሽተኛን ኢንሱሊን እንደ መንጠቅ ነው። ለማገገም ጊዜ የሚያስፈልገው ተማሪ በሕመም ምክንያት ትምህርቱን በሕጋዊ መንገድ ለጊዜው ማቋረጥ እንደሚችል እንንገረው፤ ማስረጃውንም አብረነው እናስጨርስ።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሙሉ ሺፋእ ይስጣቸው፣ እኛንም ለእነርሱ ሸክም ከመሆን ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ