ውሃው ከገደሉ ሥር፣ ሽቦው ከራስ በላይ፦ የሰሜን ጎንደር ደጋ የቆየ ጥያቄ

በ2002 ዓ.ም. በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎች ተመረቁ፤ በኅዳር 300 ሜጋዋት የሚያመነጨው ተከዜ፣ በግንቦት ደግሞ 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ። ሁለቱም የጎንደር ደጋ ውሃ አለባቸው። ከሰሜን ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ተከዜ ይገባሉ፤ የመገጭ ወንዝ ደግሞ ጣናን ይቀላቀላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ መጣ።

በሰሜን ተራሮች ዙሪያ ባሉት በጃናሞራና በበየዳ ወረዳዎች ገጠር ግን ዛሬም የብዙ ቤት ምሽት የሚያልፈው በኩራዝ፣ በባትሪ ወይም በትንሽ ሶላር ነው። ውሃውም ከገደል ሥር የሚወጣው በሴቶችና በልጆች ጀርባ ነው። አገር ኃይል እያመነጨ መንደሩ ለምን ጨለመ? ወንዝ እያፈለቀስ ለምን ተጠማ?

ሽቦው ለምን ያልፋል?

ከባሕር ዳር ተነስቶ በጎንደርና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚዘልቀው መስመር 230 ኪሎቮልት ይሸከማል። ከሥሩ ያለ ገበሬ ከዚያ መስመር መብራት መቀጠል አይችልም። ኃይሉ አስቀድሞ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎቮልት ይወርዳል፤ ከዚያ በምሰሶ መንደር ይደርሳል፤ እዚያም በትራንስፎርመር ለቤት ወደሚሆነው 220 ቮልት ይለወጣል። በደጋው ደግሞ መንደሮቹ በየአምባው የተበታተኑ ናቸው። በመካከላቸው ሸለቆ አለ፤ ምሰሶ የሚያደርስ መንገድ ብዙ ቦታ የለም። ስለዚህ ለአንድ ቤት የሚወጣው ወጪ ከከተማው እጅግ ይበልጣል።

በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ትንንሽ ከተሞችን አብርቷል። ሆኖም መስመሩ የደረሰበት ቀበሌ «መብራት አገኘ» ተብሎ ሲቆጠር፣ ከመንገዱ የራቀው ቤት ቆጣሪ ሳይገባለት ቀረ። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ይህን ለማረም ሞክሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2025 ሕዝቡ ሁሉ መብራት እንዲያገኝ፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ እንደ ሶላር ካሉ ሌሎች ምንጮች እንዲሆን አቀደ። ጊዜው አልፏል፤ በገጠር ግን ጨለማው ገና አልተገፈፈም።

ውሃው ለምን ከታች ቀረ?

የደጋ ሰው የሚሰፍረው ገብስ በሚዘራበት ሜዳ፣ በአምባው ራስ ላይ ነው። ዝናቡ ግን በተሰነጣጠቀው ዐለት ሰርጎ ይወርድና ምንጭ ሆኖ የሚወጣው ከቁልቁለቱ ላይ ነው። ምንጩ ከመንደሩ በላይ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ምንጩ ይጎለብታል፣ ውሃው በቧንቧ በራሱ ወርዶ ቦኖ ይደርሳል። ከመንደሩ በታች ከሆነ ግን መሳቢያ ያስፈልጋል። በገጠር በብዛት የተተከለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ደግሞ ከ45 ሜትር ገደማ በላይ አይስብም።

ከ2008 ዓ.ም. በኋላ አገሪቱ ለገጠር ያስቀመጠችው መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ሳይርቅ የሚል ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት 125 ሊትር ማለት ነው፤ ከስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ። በካርታ አንድ ኪሎ ሜትር የሆነው መንገድ ወደ ላይ ቀጥ ያለ ዳገት ሲሆን ይህን ማን ይሸከመዋል? ልጅቷ ትሸከመዋለች፤ ትምህርቷም በዚያው ይቀራል።

ሁለቱን አንድ ላይ ማየት

የእኔ እምነት እንዲህ ነው፤ በደጋው የውሃና የመብራት ጥያቄ አንድ ጥያቄ ነው። 500 ሰው ላለው መንደር በመስፈርቱ 12,500 ሊትር በቀን ያስፈልጋል። ይህን 100 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት፣ የፓምፑ ብክነት ጭምር ታስቦ፣ በቀን ሰባት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ሁለት ኪሎዋት አካባቢ የሚያመነጭ ሶላር በደህና ፀሐይ ይህን ይሸፍናል። ናፍጣ ተሸክሞ መውጣት አያስፈልግም፤ ዋናው መስመርም እስኪደርስ መጠበቅ ግድ አይሆንም። እርግጥ ሶላር ሁሉን አይተካም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፤ ወፍጮም እንዲሁ ብርቱ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ መስመሩ መቅረት የለበትም፤ ውሃው ግን መስመሩን መጠበቅ የለበትም።

ከምረቃው በኋላ

ከግንባታው የሚከብደው ጥገናው ነው። ለዚህ የአማራ ክልል የራሱ ልምድ አለው። በፊንላንድ ድጋፍ በ1980ዎቹ የተጀመረው የገጠር ውሃ ሥራ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገንዘቡን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ መስጠት ጀመረ። ኮሚቴው ዕቃ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፤ ሕዝቡ ድንጋይና ጉልበት ያዋጣል፤ ለጥገናም አስቀድሞ ይቆጥባል። አሠራሩ በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል። የራሱን ገንዘብ ያወጣበትን ቦኖ ሰው ተበላሽቶ ሲቆም ዝም ብሎ አያይም። ነገር ግን የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ ወዲህ የቀጠለው ግጭት ጥገናውን ክፉኛ ጎድተውታል። መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫ አይደርስም፤ ባለሙያም አይወጣም።

ጎንደር ከተማም ከውሃ ችግር አላመለጠችም። ውሃ የሚያጠጣት የአንገረብ ግድብ ከተራቆተው ተዳፋት በሚወርድ ደለል አቅሙ ተመናምኗል፤ ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብም ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል። የተራራው ገበሬ አፈሩን በእርከንና በዛፍ ሲጠብቅ የከተማውንም ውሃ ይጠብቃል፤ ስለዚህ የተራራው መንደር አገልግሎት ለከተማው ሰውም ጉዳዩ ነው።

እንግዲህ ወደፊት ስለ ስንት ሜጋዋትና ስለ ስንት ጉድጓድ ሲነገረን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ስንት ቤት ቆጣሪ ገባለት? የውሃና የመብራት መሥሪያ ቤቶች ዕቅዱን አብረው አወጡት ወይ? ሲበላሽስ መለዋወጫው ከወረዳው ከተማ በስንት ቀን ይደርሳል? መልስ የሌለው ምረቃ ለመንደሩ አገልግሎት አይሆንም፤ ይህን መጠየቅም የመንደሩ ሰው ብቻ ሥራ መሆን የለበትም።