የፍትሕ ትምህርት ዕዳና ገቢ በነጋዴ ሚዛን ሲመዘን

በቀድሞው ዘመን ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ጨው በግመል አስጭኖ ወደ መቀሌ የሚያወጣ ነጋዴ፣ የግመሉን ኪራይ፣ የመንገዱን ቀረጥና በጕዞ የሚያልቀውን ቀን ሳይቈጥር ዋጋ አይቈርጥም ነበር። የዛሬውም አስመጪ እንዲሁ ነው። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ልጁን ወይም የመደብሩን ጸሐፊ ወደ ኮሌጅ ለመላክ በተነሣ ጊዜ፣ ሒሳቡን ትቶ በስሙ ብቻ ተማርኮ ሲወስን ይታያል። «ልጄ የሕግ ሰው ይሆናል» ማለት ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ዲግሪም እንደ ማንኛውም ዕቃ የመግዣ ዋጋ፣ የመድረሻ ጊዜና የመሸጫ ዋጋ አለው። ነገሩ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆን አስቀድሞ መመዘን ይገባል።

ወደ ፍትሕ ሥራ የሚያደርሱት መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው አምስት ዓመት የሚፈጀው የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ነው፤ ይህም በ1992 ዓ.ም. የመቀሌ ቢዝነስ ኮሌጅና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዋሕደው በመሠረቱት በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ሁለተኛው ምልምሎች በመንግሥት ወጪ የሚሠለጥኑበት የፖሊስ ሥራ ነው። ሦስተኛው ተማሪው ከኪሱ እየከፈለ በግል ኮሌጅ የሚከታተለው አጭር የሙያ ትምህርት ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው በነጻ የሚማር ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቍጥር 91 የወጪ መጋራትን ሥርዓት አቆመ። በዚያ ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን፣ ከተመረቀም በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ እንዲከፍል ተደነገገ። ቀንሶ ገቢ የማድረጉም ግዴታ በአሠሪው ላይ ተጣለ። ስለዚህ ምሩቅ ለሚቀጥር ነጋዴ ይህ ጕዳይ የሌላ ሰው ጕዳይ አይደለም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት፤ ቍጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ የተወሰዱ ናቸው። በወር 4,000 ብር የሚያገኝ የመደብር ጸሐፊ ሥራውን ትቶ አምስት ዓመት ሕግ ቢማር፣ የወጪ መጋራት ዕዳው 30,000 ብር ሆነ እንበል። ሲመረቅ ደመወዙ 9,000 ብር ቢሆን በወር 900 ብር እየተቀነሰበት ዕዳውን በ3 ዓመት ገደማ ይጨርሳል። ይህ ከባድ አይመስልም። ነገር ግን በአምስቱ ዓመት ያጣው ደመወዝ 240,000 ብር መሆኑን ማን አሰበው? በወረቀት የተጻፈው ዕዳ ካልተጻፈው ኪሳራ አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ሁለቱ ተደምረው 270,000 ብር ይሆናሉ፤ ትምህርቱ በወር የጨመረለት 5,000 ብር ይህን የሚመልሰው በ4 ዓመት ተኩል ነው። ሥራው ቶሎ ከተገኘ መልካም ግዢ ነው፤ ሥራ ፍለጋው በረዘመ ቍጥር ግን ሚዛኑ ያጋድላል።

ያው ጸሐፊ በግል ኮሌጅ በወር 1,500 ብር እየከፈለ ሁለት ዓመት ቢማር ክፍያው 36,000 ብር ይሆናል። ሥራውን ትቶ ከተማረ ያጣው ደመወዝ 96,000 ብር ይጨመርበታል፤ በማታ ከተማረ ግን ወጪው በ36,000 ብር ይወሰናል። ደመወዙ በወር በ2,000 ብር ቢያድግለት፣ የቀኑ ተማሪ ወጪውን የሚመልሰው በ5 ዓመት ተኩል ሲሆን የማታው በ1 ዓመት ተኩል ነው።

የዕዳውም ዓይነት ይለያያል። ከገቢ ላይ የሚቀነስ ዕዳ ገቢ በሌለበት ወር የሚቀነስበት ነገር የለውም። በዕቁብ ገንዘብ ወይም ከዘመድ በብድር የተከፈለ የኮሌጅ ክፍያ ግን ሥራ ተገኘም አልተገኘም ቀኑን ጠብቆ ይጠየቃል።

በአሜሪካ አገር በሁለት ዓመት ኮሌጆች «የወንጀል ፍትሕ» የሚባል ትምህርት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰውንም ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ተበድሮ የተማረውና ያልተማረው በአንድ በር የሚገቡበት ጊዜ አለ። የዚያ አገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ፣ የምሩቃን የዓመት ዕዳ ክፍያ ከዓመት ገቢያቸው 8 በመቶ፣ ወይም ለመሠረታዊ ኑሮ ከተቈረጠው በላይ ካለው ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ መለኪያ አበጀ። ዕዳ የሚመዘነው በጠቅላላ ድምሩ ሳይሆን ከገቢ በሚወስደው ድርሻ ነው የሚለው ሐሳብ ለእኛም ይጠቅማል።

ለትግራይ ወጣት ግን ከብሩ ይልቅ ጊዜው ከብዷል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ትምህርት ተቋርጦ፣ ሊመረቅ ይገባው የነበረ ብዙ ሰው በዕድሜው ገፍቶ ወደ ክፍል ተመለሰ። እንዲህ ላለው ወጣት አምስት ዓመት በሌሎች ዘንድ ካለው ዋጋ ይበልጣል።

እንግዲህ ወላጅም ሆነ አሠሪ ከመወሰኑ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፣ ኮሌጁና የትምህርት ክፍሉ ሕጋዊ ፈቃድ እንዳላቸው። ሁለተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲያልፉ ስለ ተወሰነ፣ ተማሪው ያን ለመወጣት የሚበቃ ዝግጅት እንዳለው። ሦስተኛ፣ የሚፈልገው ሥራ በእርግጥ ያን ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ መሆኑን። ምሩቅ የሚቀጥርም ነጋዴ የወጪ መጋራት ውሉን አስቀድሞ ይመልከት፤ ተቀናሹንም በጊዜው ገቢ ያድርግ።

ከሁሉም የሚቀለው እርዳታ በባለ መደብሩ እጅ ነው። መማር የሚሻውን ጸሐፊ በማታ ትምህርቱ ሰዓት ማሰናበት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ያሳጣል፤ ለሠራተኛው ግን የሁለት ዓመት ደመወዙን ያተርፍለታል።