ከፀሐይ ጋር የሚዞረው ጭረት

አሰላ ውስጥ ጥቁር ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማለዳ ታጥቦ ሲያብለጨልጭ የነበረ የሞተሩ የነዳጅ ታንከር፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ሸረሪት ያደራችበት ይመስላል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚያርፈው የደጋ ፀሐይ ምሕረት የለውም፤ በነጸብራቁ ዙሪያ ክብ ክብ የሠሩ ቀጫጭን ጭረቶችን አንድ በአንድ ያወጣል። ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፦ በክብ እያዞሩ ስለወለወሉት።

ነገር ግን ሞተሩ ባለበት ቆሞ እኔ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስል ክቦቹም አብረውኝ ሄዱ። በጨርቅ የተጫረ ክብ ከቦታው ሊንቀሳቀስ አይችልም። ማታ በእጅ ባትሪ ሳበራበት ደግሞ የክቦቹ መሐል የባትሪው ነጸብራቅ ሆነ። አጉሊ መነጽር ይዤ አንዱን ጭረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ስከተለው ነገሩ ተገለጠ። ጭረቶቹ አብዛኞቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ አቅጣጫቸው ግን ዝብርቅርቅ ነው። አንድ ጭረት ብርሃን የሚረጨው ወደ ርዝመቱ ሳይሆን ወደ ጎኑ ነው። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ጭረት መካከል ለዓይናችን የሚያበሩት ከብርሃኑ አቅጣጫ አግድም የተጋደሙት ብቻ ናቸው፤ እነሱ ሲደመሩ ክብ ይሠራሉ። በነጭ ሞተር ላይም ይኸው ሁሉ አለ፤ ነጩ ቀለም ራሱ ብርሃን ስለሚበትን ይውጣቸዋል። ጥቁሩ ከውስጡ የሚመልሰው ብርሃን ስለሌለ አንዱንም አይሸሽግም።

ታዲያ ማን ጫራቸው? ጨርቁ ለስላሳ ጥጥ ነው። ጥፋተኛው ጨርቁ የሚያነሣው አቧራ ነው። ከአዳማ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ የሚነሣው ከስምጥ ሸለቆ ነው፤ የሸለቆው አፈር የጥንት እሳተ ገሞራ አመድና ፐሚስ የተቀላቀለበት ነው። ፐሚስ ደግሞ አረፋ ሆኖ የደረቀ የተፈጥሮ ብርጭቆ ነው። ደጋውም ቢሆን አያድንም። በመኸር ወቅት ኮምባይነር ስንዴና ገብስ ማሳ ውስጥ ሲገባ የገለባ ብናኝ ይነሣል፤ ገለባ ውስጥ ተክሉ ከአፈር የሳበው ሲሊካ አለ። ቀለሙን የሚሸፍነው ግልጽ ቫርኒሽ ከሁለቱም እጅግ ይለሰልሳል። ደረቅ አቧራ በጨርቅ ሲጠረግ እያንዳንዱ ቅንጣት የራሱን መስመር እየቀደደ ያልፋል።

ማጥፋቱ ላይ ፍንጩ የመጣው ከዘይት ነው። ዘይት ሲነካው ድሩ ወዲያው ይጠፋል፤ በኦሞ ሲታጠብ ይመለሳል። ጭረት ጎድጓዳ ቦይ ስለሆነ ዘይቱ ይሞላዋል እንጂ አያድነውም። እውነተኛው መንገድ ዙሪያውን እስከ ቦዩ ወለል ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» ስለ መስታወት ያለው ለዚህም ይሠራል፦ ማለስለስ ማለት ጭረቶቹን ዓይን እስከማያያቸው ድረስ ማሳነስ ነው። በፖሊሽ ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ትልቁን ጭረት በትንሽ፣ ትንሹን ከዚያም ባነሰ ጭረት ይተካል። መጠናቸው ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ሲያንስ፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ግማሽ ገደማ በታች ሲወርድ፣ ጥቁሩ ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የግልጹ ቫርኒሽ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይሳሳል። እያንዳንዱ ፖሊሽ ከዚያ ላይ ይቀንሳል፤ የታንከሩ ጠርዝ ላይ ደግሞ የበለጠ ስስ ነው። ስለዚህ ብረቱ በጥላ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ፣ በእጅና በለስላሳ ስፖንጅ፣ በባትሪ እያዩ መሥራት ይሻላል። ጥፍር የሚይዘው ጥልቅ ጭረት ግን ይተው፤ እሱን አጠፋለሁ ማለት ቫርኒሹን መጨረስ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው አስተጣጠቡ ላይ ነው። እጅ ሳይነካው በፊት ብዙ ውኃ ይፈስበትና አቧራው በራሱ ይወርዳል። የማጠቢያው ስፖንጅ በአንዱ ባልዲ ሳሙና ውስጥ ይነከራል፤ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት በሌላው ባልዲ ንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል።